ተመንና ኬላ፦ የቀረጥ ታሪክ ከአሶሳ ገበያ ሲታይ



በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በአሶሳ ገበያ ዳር የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ገበሬዋ ሰሊጧን በጆንያ አስጭና ትመጣለች፤ ሸጣ ስትመለስ በእጇ የምትይዘው ቢጫ ጀሪካን ነው። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ከኢንዶኔዥያ ወይም ከማሌዥያ በባሕር ተጉዞ የመጣ የፓልም ዘይት ነው። ጆንያው ውስጥ የነበረውም ዘይት ነበር፤ ገና ያልተጨመቀ፣ ከፓልሙ ይልቅ በዓለም ገበያ የተወደደ ዘይት። ሁለቱ ዘይቶች በአንድ ገበያ፣ በአንዲት ሴት እጅ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው ይሄዳሉ።

የንግድ ትምህርት ለተማረ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት ጥያቄ የቀረጥ ጥያቄ ነው። ሰሊጡ ቻይና ሲደርስ ስንት በመቶ ይቀረጣል? የፓልሙ ዘይትስ ወደ አገራችን ሲገባ ስንት ይከፍላል? መልሱ ያስገርማል። ቻይና በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ለሚገኙ አገሮች በሰጠችው መብት መሠረት የኢትዮጵያ ሰሊጥ ያለ ቀረጥ ይገባል። የምግብ ዘይቱም ባለፉት ዓመታት መሠረታዊ የፍጆታ ዕቃ ተብሎ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ በተደጋጋሚ ተፈቅዶለታል። በመውጫው በር ላይ ዜሮ፣ በመግቢያውም በር ላይ ዜሮ። ታዲያ ቀረጥ ከገበሬዋ ሕይወት ወጥቷል ማለት ነውን?

ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ የኢትዮጵያን የእርሻ ንግድ ታሪክ ሳስተምር፣ ታሪኩን በመቶኛ ቁጥሮች እተርክ ነበር። በዚህ ውል 10 በመቶ፣ በዚያ አዋጅ ይህን ያህል እያልሁ፣ ድህነታችንን ከእነዚያ ቁጥሮች ለማውጣት እሞክር ነበር። ዛሬ በእናንተ ፊት ያንን አካሄዴን ማረም እፈልጋለሁ። ቁጥሮቹ ሐሰት አልነበሩም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጌ አይ ነበር፤ ተመንና ኬላን። ተመን ስል በውልና በአዋጅ የተጻፈውን መጠን ማለቴ ነው። ኬላ ስል ደግሞ ምርቱ ከማሳ ተነሥቶ የመጨረሻው ገዥ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ የሚቆምበትን፣ የሚጠብቅበትንና ከዋጋው የሚቀነስበትን ቦታ ሁሉ ነው። የምሟገተው እንዲህ ብዬ ነው፦ ባለፉት 120 ዓመታት የዚህን ምድር ገበሬ ዕጣ የወሰነው በአብዛኛው ኬላው እንጂ ተመኑ አይደለም። ዘመኖቹን እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ድንበር ገበያን ሲከፍል

ቤኒ ሻንጉል ወደ ኢትዮጵያ ማዕከላዊ መንግሥት የተጠቃለለው በ1897 እና በ1898 በራስ መኮንን በተመራው ዘመቻ ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ክፍለ ዘመን አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ የጻፈው ጥናት በርእሱ ላይ ጨውንና ወርቅን ማስቀደሙ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ አገር ስም በሩቅ የሚታወቀው በወርቁ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ በባርነት የተያዙ የዚህ ምድር ልጆችም እንደ ሸቀጥ ተነድተዋል፤ የንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን አልፎ ስለ ቡናና ስለ ጥጥ ብቻ ሊያወራ አይገባውም። ከዘመቻው በኋላ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአካባቢው ኃያል ገዥ ሆነው ሲወጡ ለአዲስ አበባ ያቀርቡት የነበረው ዋናው ግብር ወርቅ ነበር። መንግሥት አገሩን በወርቅ ስለ መዘነው በእርሻው ላይ የነበረው ትኩረት አነስተኛ ሆኖ ቆየ።

ግንቦት 15 ቀን 1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል የኢትዮጵያና የሱዳንን ወሰን ደነገገ። ብዙ ጊዜ ይህን ውል የምናነሣው በዓባይ ውኃ ምክንያት ነው። ለአሶሳ ግን የውሉ ሌላ ፍሬ ነገር ነበረው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ሮዜሬስና ወደ ፋዙግሊ የሚወርደው ነጋዴ፣ ከዚያም ወደዚህ የሚወጣው ጀላባ፣ በጎረቤት ገበያዎች መካከል ይመላለስ ነበር። ከፊርማው በኋላ ያው መንገድ የውጭ ንግድ መንገድ ተባለ። ርቀቱ አልጨመረም፤ የሰዎቹም ቋንቋና ዝምድና አልተቀየረም፤ በመካከሉ ግን ኩርሙክ የሚባል የድንበር በር ቆመ። ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቅርቡ ገበያ ባዕድ፣ የሩቁ ገበያ የራስ ሆነ። በዚህ ክልል የቀረጥን ታሪክ ማጥናት የሚጀምር ሰው ከየትኛውም መቶኛ በፊት እነዚህን ሁለት ርቀቶች ይጻፍ።

የጋምቤላ ቡና፦ መጠበቅ እንደ ቀረጥ

በዚያው የ1902 ውል አራተኛ አንቀጽ፣ ምኒልክ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ወንዝ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ዳርቻ ያለው፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ ቦታ ለንግድ ጣቢያነት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ጣቢያው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል ተደነገገ። ጋምቤላ እንዲህ ተቆረቆረች፤ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር እስክትመለስ ድረስም የምዕራብ ኢትዮጵያ ዋና የንግድ በር ሆና ቆየች። የባሕሩ ዘውዴ የዶክትሬት ጥናት ይህን የምዕራብ ድንበር ታሪክ በዝርዝር የመረመረ ሥራ ነው፤ እዚህ ላሉ የታሪክ ተማሪዎች ሁሉ እንዲያነቡት እመክራለሁ።

በጋምቤላ በኩል ከሚወጡት ምርቶች ቀዳሚው የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ነበር፤ ሰምና ቆዳም ይከተሉታል። አሁን የዚህን ቡና ጉዞ ደረጃ በደረጃ እንከተል። ቡናው የሚለቀመው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። በቅሎና አህያ ከደጋው ወደ ባሮ ሜዳ ሊወርዱ የሚችሉትም በበጋ፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው። የባሮ ወንዝ ግን የእንፋሎት መርከብ የሚሸከመው በክረምት፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ነበር። ስለዚህ በበጋ ጋምቤላ የደረሰ ቡና ወንዙ እስኪሞላ ድረስ ለወራት መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል።

እነዚህን ወራት መጠበቅ የሚችል ማን ነበር? ገበሬው አይችልም፤ ግብር አለበት፣ ጨው መግዛት አለበት። ትንሹ ሲራራ ነጋዴም አይችልም፤ እንስሶቹ መኖ ይፈልጋሉ። መጠበቅ የሚችለው መጋዘንና የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ያለው ነው። በጋምቤላና በጎሬ ይህን አቅም የያዙት በአብዛኛው የግሪክና የሶርያ ተወላጅ የሆኑ የንግድ ቤቶች ነበሩ። እነዚህን ነጋዴዎች በክፋት ልከሳቸው አልፈልግም፤ ከወንዙና ከወቅቱ የተነሣ የተፈጠረውን ክፍተት ሞሉ። ነገር ግን በበጋው ዋጋና በክረምቱ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በየትኛውም የጉምሩክ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ቀረጥ ነበር፤ የሚከፍለውም ቀድሞ የሸጠው ሰው ነበር።

በዚህ ላይ የውስጥ ኬላዎችን ጨምሩ። በየወረዳው መግቢያ፣ በየድልድዩና በየመልካው የአካባቢው ገዥ ሰዎች ከጫኝ ነጋዴ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ይህ ሥርዓት ቀስ በቀስ የተዳከመውና የተነሣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ከ1941 ነጻነት በኋላ ነው። አንድ የቡና ጭነት የድንበሩን ቀረጥ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው፤ የውስጡን ግን ባለፈበት ኬላ ቁጥር ልክ ይከፍላል። ስለሆነም የውጭ ንግድ ውሎችን ብቻ አንብቦ የገበሬውን ዋጋ ማስላት የሚፈልግ ተመራማሪ ከሒሳቡ ግማሽ ያህሉን ሳያየው ይቀራል።

የ10 በመቶው ጣሪያ፦ አቡጀዴና ጥጥ

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መውጫው በር ነው። የመግቢያው በር ታሪክ ደግሞ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ተመኑ በእርግጥ ኃይል ነበረው።

በጥር ወር 1908 በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል የተፈረመው፣ በፈረንሳዩ ልዑክ ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል ተብሎ የሚታወቀው ስምምነት፣ ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የምትጥለው ቀረጥ በጠቅላላው ከዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ለአንዱ መንግሥት የተሰጠ መብት ለሌላውም ይሰጣል በሚለው የውል ደንብ መሠረት ይህ ጣሪያ ለሌሎችም ኃያላን ጥቅም ሆነ። በ1931 መንግሥት ከጉምሩክ ቀረጥ የተለየ የፍጆታ ግብር በመጣል ጣሪያውን ለማለፍ ሲሞክር የውጭ መንግሥታት ልዑካን ተቃውሟቸውን አቀረቡ። አንድ ነጻ አገር በገዛ በሩ ላይ የሚጥለውን ቀረጥ ለመወሰን የባዕዳንን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት ማለት ነው።

ይህ በምዕራቡ ቆላ ምን ትርጉም ነበረው? ጥጥ በዚህ አካባቢ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ሰብል ነው። ጉሙዞች ያመረቱት ጥጥ ዓባይን ተሻግሮ ለጎጃም ሸማኔዎች ይደርስ ነበር። በዚህ ጥጥ ላይ የተወዳደረው በፋብሪካ የተሠራው አቡጀዴ ነው፤ መጀመሪያ ከአሜሪካ፣ በኋላም፣ በተለይ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጃፓን በብዛት ይገባ ነበር። በ10 በመቶ ጣሪያ ሥር የሸማኔውን ገበያ በቀረጥ ለመጠበቅ አይቻልም ነበር። የአገር ውስጥ ሽመና አልሞተም፤ ጥበቡና ጋቢው ዛሬም አሉ። የዕለት ልብሱ ገበያ ግን ከሸማኔው እጅ ወጣ፤ ከሸማኔው ጋርም ጥጥ አምራቹ ደንበኛውን አጣ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ራሱ የጉምሩክ ሹም የነበረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው ሥራው የዕውቀት ሕዝብ ከዕውቀት ከራቀ ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ልውውጡ እኩል እንደማይሆን አስረድቷል። የእርሱ ነጥብ ንግድ ክፉ ነው የሚል አይደለም። ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ በእጅ ጥበብና በማሽን የተሠራ ዕቃ የሚቀበል አገር ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል የሚል ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን የምናነበው በአሶሳ ገበያ፣ በሰሊጡና በጀሪካኑ መካከል ቆመን ነው።

ያልተጻፈው ቀረጥ

አሁን ወደ ደርግ ዘመን ልሻገር። በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህል ይገዛ ነበር፤ የቡናውና የቅባት እህሉ የውጭ ንግድም በአመዛኙ በመንግሥት ኮርፖሬሽኖች እጅ ነበር። በዚሁ ዘመን፣ በ1984 እና በ1985፣ ከወሎና ከሌሎች በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች የመጡ ብዙ ሺህ ሰዎች በአሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ፤ በመተከልም የጣና በለስ ሰፈራ ተጀመረ። የዚህ ክልል የዛሬው የእርሻ መልክ፣ በበለስ የሚመረተው አኩሪ አተር ጭምር፣ ከዚያ ዘመን ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የከበደው ቀረጥ ግን ቀረጥ ተብሎ አልተጠራም። የብር ምንዛሪ እስከ ጥቅምት 1992 ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተተምኖ ቆየ፤ በዚያ ወር ወደ 5 ብር ተስተካከለ። አስቡት፤ አንድ ዶላር የሚያወጣ ሰሊጥ ወይም ቡና የሸጠ ሰው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲያገኝ፣ ከማስተካከያው ማግስት ያው ዶላር 5 ብር ሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት የት ይሄድ ነበር? ወደ አስመጪውና ወደ ከተማው ፍጆታ ነበር የሚሄደው። የትኛውም የጉምሩክ ተመን ከገበሬው ከዚህ የሚበልጥ አልወሰደም።

ታሪክ ግን አንድ ወገን ብቻ የላትም። በቅርቡ ዘመን፣ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ጊዜ፣ ነገሩ ተገልብጦ እንደነበር በንግዱ ዓለም ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዶላር የሚፈልጉ አስመጪዎች ራሳቸው ላኪ እየሆኑ ሰሊጥን ከዓለም ዋጋው በላይ በሆነ ብር ይገዙ ነበር። በሰሊጡ ላይ ይከስራሉ፤ ባገኙት ዶላር በሚያስመጡት ሸቀጥ ላይ ግን ያተርፋሉ። የአገር ሕመም የሆነው እጥረት ለሰሊጥ አምራቹ የዋጋ ድጋፍ ሆኖ ነበር። በሐምሌ ወር 2024 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በብር ወደደ፤ ያ የተገለበጠ ድጋፍም ምክንያቱን ማጣት ጀመረ። ስለዚህ የምንዛሪው ለውጥ ለገበሬው ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ከዚህ ክልል ገበያ የተሰበሰበ የዋጋ መረጃ ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የእናንተ የተማሪዎች ሥራ ነው።

የዜሮ ትርጉም

ወደ ዛሬው ሰሊጥ እንመለስ። በንግድ የወለጋ ሰሊጥ በመባል የሚታወቀው የምዕራቡ ዓይነት ለዘይት ጭመቃ ተፈላጊ ነው። ቻይና በሰሊጥ ላይ የምትጥለው መደበኛ ቀረጥ 10 በመቶ ነው፤ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች ግን ዜሮ ነው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ይህን መብት ከእነዚህ አገሮች በሚመጡ ምርቶች ሁሉ ላይ አሰፋችው። በወረቀት ላይ ሲታይ 10 በመቶ ብልጫ አለን ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ብልጫ የሚለካው ከተፎካካሪ ጋር ነው። በቻይና ገበያ የሚፎካከሩን ሱዳን፣ ታንዛኒያ፣ ኒጀር፣ ሞዛምቢክና ቶጎ ናቸው፤ ሁሉም በዚያው መደብ ያሉ፣ ዜሮው የተሰጣቸው አገሮች ናቸው። ሁሉም ሯጮች አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከተጠጉ ማንም አልቀደመም። ሩጫውን የሚወስነው ከእርሻ እስከ ወደብ ያለው ወጪ ነው። ታንዛኒያና ሞዛምቢክ የራሳቸው ወደብ አላቸው። የአሶሳ ሰሊጥ ግን አዲስ አበባን አልፎ ጅቡቲ እስኪደርስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ሲቋረጥ፣ በሌላ በኩል ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት የኩርሙክን በር ሲያናውጥ አይተናል። መኪና ባለመንቀሳቀሱ በመጋዘን የቆየ ሰሊጥ በባሮ ዳር ወንዙ እስኪሞላ ከጠበቀው ቡና ጋር አንድ ታሪክ አለው። በሁለቱም ዘመን መጠበቅ ያልቻለው አስቀድሞ ሸጧል።

ሌላም ኬላ አለ፤ የጥራት ኬላ። የኤውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ለሁሉም ምርቶቻችን በሩን ያለ ቀረጥ ከፍቷል። የዚህ ክልል ለውዝ ግን በዚያ በር ለመግባት የአፍላቶክሲንን ወሰን ማለፍ አለበት፤ በቀጥታ ለሚበላ ለውዝ የተፈቀደው ጠቅላላ መጠን በኪሎ ግራም 4 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ይህ ሻጋታ የሚመጣው ከአደራረቅና ከአከማቸት ጉድለት ነው፤ እርጥበት ባለበት መሬት ላይ የተሰጣ ለውዝ በዜሮ ቀረጥ አይድንም። ጃፓንም በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አግኝታ ግዢውን ስታቋርጥ ቀረጡ አልተለወጠም ነበር። የቆመው ንግዱ ነው።

ከአዳራሹ መካከል አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል፦ «ሀብታሞቹ አገሮች በጥሬው ላይ ዝቅተኛ፣ በተቀነባበረው ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ስለሚጥሉ ነው ፋብሪካ ያላቆምነው።» ሙግቱ ለብዙ አገሮች እውነት ነው። የኤውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ 7.5 በመቶ መደበኛ ቀረጥ ይጥላል፤ በጥሬው ላይ ግን ምንም። ነገር ግን ለኢትዮጵያ በተቆላውም ላይ ዜሮ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ወደ ውጭ የምንልከው ቡና ዛሬም በአብዛኛው ጥሬ ነው። ግድግዳው ያ ቀረጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተነሣ በኋላ ሌላ ነገር ባየን ነበር።

ጀሪካኑና ቆዳው

በመግቢያው በር ላይ ያለው ዜሮ የበለጠ ያስጨንቀኛል። የምግብ ዘይት ከቀረጥ ነጻ ሲገባ የከተማው ድኻ ይጠቀማል፤ ይህን የሚክድ ሰው ገበያ ወርዶ አያውቅም። ነገር ግን በዚያው ዋጋ ከአገር ውስጥ ሰሊጥ፣ ኑግና አኩሪ አተር ዘይት የሚጨምቅ አነስተኛ ፋብሪካ መወዳደር አለበት። የ1908ቱ ጣሪያ ሸማኔውን ካደረገው ብዙ አይለይም። ልዩነቱ ያን ጊዜ ጣሪያውን ያስገደዱን ሌሎች ሲሆኑ የዛሬው ምርጫ የእኛው መሆኑ ነው። የራሳችን ስለሆነ ልንወያይበት እንችላለን፤ በዚያው ልክ ኃላፊነቱም የራሳችን ነው።

ስለዚህ ጥሬ ሰሊጥ እንዳይወጣ ከባድ የወጪ ቀረጥ ይጣል የሚሉ አሉ። እነርሱን የቆዳን ታሪክ እንዲያስታውሱ እለምናለሁ። በ2008 በወጣ አዋጅ በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ የወጪ ቀረጥ ተጣለ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ያለቀለት ቆዳና ጫማ እንድንሸጥ። ነገር ግን ቀረጡ ከተጣለ በኋላ ባሉት ዓመታት በበዓል ማግስት የበግና የፍየል ቆዳ ገዥ አጥቶ በየመንገዱ ሲጣል ሁላችንም አይተናል። ለዚህ ከቀረጡ ሌላ ብዙ ምክንያት አለው፤ የቆዳ ጥራት፣ የኬሚካል እጥረት፣ የዓለም ዋጋ መውረድ። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። የመውጫው በር ሲዘጋ በውስጥ የሚገዛ ጠንካራ ፋብሪካ ከሌለ፣ ቀረጡን የሚከፍለው በጉን ያረደው ቤተሰብ ነው። በሰሊጥም ላይ ቢደረግ ቀድማ የምትከፍለው ያቺ ጆንያ ይዛ የመጣችው ሴት ናት።

ምን እንመርምር?

ኢትዮጵያ የአፍሪካን አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት በ2019 አጽድቃለች፤ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ካመለከተችም ከ2003 ጀምሮ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሚመጡት ዓመታት ስለ ተመን ብዙ እንሰማለን፤ ሠንጠረዦችም ይወጣሉ። ከዚህ ክልል የሚነሡ ተመራማሪዎች እነዚያን ሠንጠረዦች ይዘው ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ይህን ተመን ከእኛ ጋር ማን ተካፍሎታል? ተፎካካሪው ሁሉ ያገኘው ዜሮ ብልጫ አይደለምና። ሁለተኛ፣ ከማሳ እስከ ወደብ ምርቱ የሚቆምባቸው ቦታዎች የት የት ናቸው፣ በእያንዳንዱስ ስንት ይቀነሳል? ይህን ለማወቅ የጉምሩክ መዝገብ አይበቃም። ሹፌሩን፣ ደላላውን፣ የማኅበሩን ገንዘብ ያዥና የምርት ገበያውን መጋዘን ሠራተኛ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ መጠበቅ የሚችለው ማን ነው? ሰሊጥ በኅዳር ሲሰበሰብ የገበሬው ዕዳም በኅዳር ይጠየቃል። ለሦስት ወር ማስቀመጥ የሚያስችል መጋዘንና ብድር በአንዳንድ ቀበሌዎች ላይ ከየትኛውም የቀረጥ ድርድር የበለጠ ሊያስገኝ ይችል ይሆናል። ይችል ይሆናል የምለው በጥንቃቄ ነው፤ መለካት አለበትና።

ከመቶ ዓመት በፊት ይህ አገር በወርቅ ሲመዘን እርሻውን የመዘገበለት አልነበረም። ስለዚያ ዘመን የማሽላና የጥጥ ዋጋ ዛሬ የምናውቀው ጥቂት የሆነው ስለዚህ ነው። የዛሬውን የሰሊጥ፣ የለውዝና የአኩሪ አተር ዋጋ በየገበያ ቀኑ የሚመዘግብ ሰው ከመካከላችን ካልተነሣ፣ ከእኛ በኋላ በዚህ መድረክ ላይ የሚቆመው መምህርም እንደ እኔ በውል ቁጥሮች ብቻ ተደግፎ ይናገራል። በሚቀጥለው የመኸር ወቅት ከአሶሳና ከባምባሲ ገበያዎች ይህን ምዝገባ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውን ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።

 አሁን ጥያቄያችሁንና ተቃውሟችሁን ልስማ።